እግሩን ስናክም ልቡን ማን ያየዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ላይ የስኳር ሕመምተኞች እግራቸውን እንዴት መጠበቅ እንዳለባቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። እግርን በየቀኑ ማየት፣ በጣቶች መሀል ያለውን እርጥበት ማድረቅ፣ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ በባዶ እግር አለመሄድ፤ ሁሉም ልክ ነው። ቆርጬ የምሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ግን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ ያጣሁበት አንድ ነገር አለ። ስለ ልብ አንድም መስመር የለውም።

"እግርና ልብን ደግሞ ምን አገናኛቸው?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱ ነው።

ነርስ ነኝ። ሥራዬ ቁስል ነው። የስኳር ሕመምተኞች እግራቸው ሲቆስል የሚመጡት እኔ ጋ ነው። አጥባለሁ፣ የሞተውን ሥጋ አነሳለሁ፣ አሽጋለሁ፣ ቀጠሮ እሰጣለሁ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝን ሰው ፊቱን አይቼ ማን እንደሆነ ግራ ይገባኛል፤ ጫማውን ቢያወልቅ ግን ወዲያው አውቀው ነበር።

አንዲት እናት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ ውስጥ እግራቸው ላይ፣ የደደረው ቆዳ ከሥሩ በስብሶ ቀዳዳ አውጥቶ መጡ። አያማቸውም ነበር። የዘገዩትም ለዚሁ ነው። ሕክምናው ወራት ፈጀ። ጫናውን ከቁስሉ ላይ የሚያነሳ ጫማ ተደረገላቸው፣ ኢንፌክሽኑ ታከመ፣ ስኳራቸው ወረደ፣ ቁስሉም ከዳር ወደ መሀል እየገባ ተዘጋ። የመጨረሻውን ፋሻ ስፈታ ሮዝ መልክ ያለው አዲስ ቆዳ አየን። መርቀውኝ ወጡ። ለክትትል ሳይመጡ ሲቀሩ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ናት። እናቷ ሌሊት ልባቸው ቀጥ ብሎ አርፈዋል።

ካርዳቸውን አውጥቼ አየሁት። የቁስሉ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በየቀጠሮው በሚሊሜትር ተጽፏል። ሽታው፣ ፈሳሹ፣ የዳሩ ቀለም ሁሉ አለ። የደም ግፊታቸው ግን የተጻፈው መጀመሪያ የመጡ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ከፍ ያለ ነበር። ኮሌስትሮል የለም። የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ የሚያወጣው ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ የለም። ማንም በስንፍና የዘለለው ነገር አይደለም። ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የቁስል ቅጽ ነዋ!

እትዬ ብቻቸውን አይደሉም። በስኳር ምክንያት እግሩ የቆሰለ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ 30 በመቶ ገደማ እንደሆነ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ያሳያሉ። ካንሰሮች ሁሉ ተደምረው ሲታሰቡ ከሚገኘው አማካይ ቁጥር ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። እግሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ የተቆረጠ ሰው ላይ ሲደርስ ደግሞ ቁጥሩ ከ50 በመቶ ያልፋል። ካንሰር ሲባል ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ሰው ሥራውን ጥሎ ሐኪም ፍለጋ ይሮጣል። የእግር ቁስል ሲባል "ቅባት ቢጤ አድርግበት" ነው የሚባለው።

ታዲያ የሚገድለው ቁስሉ ነው? አንዳንዴ አዎ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሲገባ። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ግን ልብና ደም ስር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ሥራ ከ17 ሺህ በላይ የስኳር ሕመምተኞች የተካተቱባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ ነበር። እግራቸው የቆሰለ ሰዎች፣ ቁስል ከሌለባቸው የስኳር ሕመምተኞች ይልቅ ሀርት አታክ በምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ንጽጽሩ ከጤነኛ ሰው ጋር አይደለም። ሁለቱም ወገን ስኳር አለበት። ልዩነቱ ቁስሉ ነው።

ለምን ቢባል፣ ደም ስሩ አንድ ስለሆነ ነው። ልብን የሚመግቡት ደም ስሮች ውፍረታቸው ሦስት አራት ሚሊሜትር ነው። ከጉልበት በታች ያሉትም ቀጫጭን ናቸው። ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር፣ ግፊት፣ ቅባትና ሲጋራ የደም ስርን የውስጥ ሽፋን ሲያቆስሉ "እኔ የእግር ነኝ፣ አንተ የልብ ነህ" ብለው አይለዩም። ሽፋኑ ሲጎዳ ቅባት ይጋገርበታል፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ መንገዱ ይጠባል። ስኳር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ከጉልበት በታች ያሉትን ረዣዥም ደም ስሮች ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግድግዳውን በካልሲየም ያደርቀዋል። በአውሮፓ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ የእግር ክሊኒኮች የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ በስኳር እግራቸው ከቆሰለ ሰዎች ግማሽ ያህሉ የእግራቸው ደም ስር የጠበበ መሆኑን አሳይቷል። ግማሹ! ስለዚህ ሁለት ቁስለኞች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ካየሁ፣ ከሁለቱ ያንዱ ደም ስር የጠበበ ነው ብዬ ነው ሥራ የምጀምረው። እግሩ ላይ የጠበበ ደም ስር ያለው ሰው ልቡ ላይ የለበትም ብሎ መደምደም ደግሞ የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ ነርቭ ይገባና ነገሩን ያወሳስበዋል።

ደም ስሩ የጠበበበት፣ ስኳር ግን የሌለበት ሰው ትንሽ ሲራመድ ባቱን ይይዘዋል፣ ይቆማል፣ ሲያርፍ ይለቀዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። የልቡ ደም ስር የጠበበበትም ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል። ስኳር ግን ነርቩን ቀድሞ ያደነዝዘዋል። ሚስማር ጫማው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ የረገጠ ሰው አክሜያለሁ። ሚስማሩን አውጥቼ ሳሳየው "የማን ነው?" አለኝ። ይኸው መደንዘዝ እግር ላይ አይቆምም። የልብን ምት፣ የደም ግፊትን፣ የሆድን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠሩትን ነርቮችም ይነካል። እነሱ ሲነኩ ሰውየው ሀርት አታክ ይዞት ደረቱን ላያመው ይችላል። የእግርን ስሜት በምንፈትሽባት የናይሎን ክር ውስጥ እግሩን ስነካው የማይሰማው ሰው፣ ልቡም ድምፁን አጥፍቶ ሊታመም ይችላል ብዬ አስባለሁ።

ይህ ወሬ አይደለም፤ ዓይኔ ሥር ሆኗል። አንድ ጋሼ የምለው ሰው ለተለመደው ቀጠሮው መጣ። ጨዋታ ወዳድ ነው። የዚያን ቀን ግን ዝም አለ። ፋሻውን ስፈታ ቁስሉ አምሮበታል፤ ዳሩ ገብቷል፣ የቁስሉ ውስጥ ቀልቷል። ቀና ብዬ "ጋሼ፣ ዛሬ ደስ ይበልህ" ስለው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ክፍሉ ሞቃት አልነበረም።

"አመመህ እንዴ?"

"ምንም አላመመኝም። ድካም ብቻ ነው። ደረጃውን ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ።"

"ደረትህን?"

"ምንም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት ወዲያ ማታ አቅለሸለሸኝ። የበላሁት ነው ብዬ ተውኩት።"

የልብ ምቱን በእጄ ያዝኩ። ቁጭ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ከ110 በላይ ይመታል። ግፊቱ ወርዷል። ፋሻውን ሳልጨርስ እግሩን በንጹሕ ጎዝ ሸፍኜ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው። ኢሲጂው የተናገረውን ሐኪሙ ሲነግረው ጋሼ አላመነም። "ሀርት አታክ? እኔን? ምንም ሳያመኝ?" አለ። ዛሬ በሕይወት አለ። ቁስሉ ቀጠሮ ባይኖረው ኖሮ ድካሙን ይዞ ቤቱ ይተኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቼን ጨምሬያለሁ። ደረትህን ያምሃል ወይ ብቻ ብሎ መጠየቅ ለስኳር ሕመምተኛ አይበቃም። ደረጃ ስትወጣ ከበፊቱ ይልቅ ትንፋሽ ያጥርሃል? ሌሊት ስንት ትራስ ላይ ነው የምትተኛው? ካለምክንያት ያልብሃል? ስትነሳ ያዞርሃል? ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ተኝቶ የተለካ ግፊት የላይኛው ቁጥሩ ሲቆሙ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ሰው እረፍት ላይ ሆኖ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ የሚመታ ከሆነ፣ የልብ ነርቭ መጎዳቱን መጠርጠር ያስፈልጋል። መለኪያውም ያው በየክሊኒኩ ያለው የግፊት መለኪያ ነው።

ሰው እግሩን አይቶ የሚሳሳትባቸው ነገሮችም አሉ። "እግሬ ይሞቃል፣ ደም አለው" ይሉኛል። ነርቩ የተጎዳ እግር ደረቅና ሞቃት ሊሆን ይችላል፤ ላይ ላዩን ያሉት ደም መላሾች ተገትረው ይታያሉ፤ ደሙ ግን መድረስ ያለበት ቦታ አልደረሰም። "ቀልቷል፣ ሕይወት አለው" ይሉኛል። ሲንጠለጠል የሚቀላና ከፍ ሲደረግ ነጭ የሚሆን እግር የደም ያለህ የሚል እግር ነው። ጸጉሩ የረገፈ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ጥፍሩ የወፈረ፣ ጣቱ ጫፍ ላይ ክብ ሆኖ የተቆረጠ የመሰለ ቁስል ያለበት ከሆነ እጄ ወዲያው ወደ ምቱ ይሄዳል። ከእግር ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሽቅብ በሚወጣው ጅማት ጎን አንድ ምት አለ። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ ሌላ አለ። ማንም ሰው የራሱን መፈለግ ይችላል። ካላገኘው አይደንግጥ፣ ለሐኪም ይንገር። ካገኘውም "ነጻ ነኝ" አይበል፤ ምቱ በእጅ እየተዳሰሰ ደም ስሩ የጠበበ ሰው አለ።

ለዚያ ነው በመሣሪያ የሚለካው። ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው ግፊት ለክንድ ግፊት ይካፈላል። ውጤቱ ከ0.9 ካነሰ የእግር ደም ስር ጠብቧል ማለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ግን ወጥመድ አለ። በካልሲየም የደረቀ ደም ስር ሲጫኑት አይታጠፍም። ስለዚህ ቁጥሩ 1.4 ወይም ከዚያ በላይ ይመጣና "ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ጥሩ አይደለም። መጥፎ ነው፤ ልብም ላይ አደጋ መኖሩን ይናገራል። ያን ጊዜ የአውራ ጣት ግፊት በትንሿ መጠቅለያ ይለካል፣ የጣት ደም ስር እንደዚያ ቶሎ አይደርቅምና። እሱ በግፊት መለኪያው ከ30 በታች ከሆነ ቁስሉ በፋሻ ብቻ የመዳኑ ነገር አጠራጣሪ ነው፤ የደም ስር ሐኪም በአስቸኳይ ይፈለጋል። የደሙን ፍሰት በድምፅ የምታሰማውን መሣሪያ፣ ዶፕለሯን፣ ይዤ ስሰማ እንኳ ልዩነቱ ይታወቃል። ጤነኛው ፈርጠም ብሎ ይመታል። የጠበበው ይንሾካሾካል።

እብጠትም አለ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ ኢንፌክሽን ወይም የደም መርጋት ወይም ስኳር አጥንቱን እየሰበረው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እኩል አብጠው ማታ ማታ የካልሲው ጎማ ጥልቅ መስመር ከተወባቸው ግን ልብና ኩላሊት ይጠረጠራሉ። ልቡ የደከመ ሰው እግሩ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ያበጠ እግር ላይ ያለ ቁስል ደግሞ አይድንም። ፋሻ ብቀያይር፣ ቅባት ብቀያይር፣ ዋጋ የለውም። አንዳንድ ሰው እብጠቱን ለማጥፋት በራሱ እግሩን ጥብቅ አድርጎ ይጠቀልላል። እባካችሁ። ደም ስሩ የጠበበ እግር ሲታሰር ጣት ይሞታል። እኔ ራሴ ምቱ ሳይለካ አልጠቀልልም። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት በሐኪም ተጀምሮለት በሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ሲወርድ፣ ከርሞ የነበረ ቁስል ሲዘጋ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። እግሩን ያዳነው የልብ ሐኪሙ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ያስፈራል፤ አውቃለሁ። አሁን ስለ ኤደንብራ ላውራ።

ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤደንብራ፣ አንድ የስኳር እግር ክሊኒክ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አሠራሩን ቀየረ። እግሩ ቆስሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ የልብ አደጋው አብሮ ይታያል ተባለ። የደም ግፊት ይለካል፣ ኢሲጂ ይነሳል፣ የሚያጨስ ይጠየቃል፤ ለሚገባው ሁሉ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትና የግፊት መድኃኒት ይጀመራል። ቁስሉን የሚያክሙት ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት፣ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ። ከዚያ በፊት ከታከሙት ውስጥ በአምስት ዓመት 48 በመቶው ሞተው ነበር። አዲሱ አሠራር ከተጀመረ በኋላ በመጡት ላይ ቁጥሩ 26.8 በመቶ ሆነ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ጠንቃቃ አንባቢ "የድሮውና የአዲሱ ዘመን ንጽጽር ነው፤ ሌላም ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል" ይላል። ልክ ነው፣ ሕመምተኞቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው የተነጻጸሩበት ጥናት አይደለም። ግን ከ48 ወደ 27! መድኃኒቶቹም ብርቅ አይደሉም፤ የቆዩ፣ የታወቁ ክኒኖች ናቸው።

በዕጣ የተከፋፈለ ማስረጃ የሚፈልግ ደግሞ ዴንማርክን ይመልከት። ስቴኖ-2 የሚባለው ጥናት ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውንና ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን፣ ማለትም የኩላሊት መጎዳት ምልክት፣ መታየት የጀመረባቸውን 160 ሰዎች ይዞ ተነሳ። ግማሾቹ እንደ ወትሮው ታከሙ። ግማሾቹ ላይ ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ኮሌስትሮሉም፣ አኗኗሩም ባንድ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታይ የልብና የደም ስር አደጋው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ ሲታይ ደግሞ ጠበቅ ተደርገው የታከሙት ስምንት ዓመት ያህል ዕድሜ ጨምረዋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ "የልብና የደም ስር አደጋ" ብለው ሲቆጥሩ ሀርት አታክን፣ ስትሮክንና የእግር መቆረጥን በአንድ መዝገብ ላይ ነው የጻፉት። እነሱ ያኔ ያጣመሩትን እኛ እስካሁን በሁለት ካርድ እናክማለን።

ስለ ክኒኖቹ ትንሽ ልበል፤ ወንበሬ ላይ በየቀኑ የምሰማው ክርክር ስለሆነ። "ኮሌስትሮሌ ኖርማል ነው፣ ስታቲን ለምን እውጣለሁ?" ይላሉ። ስታቲን የሚሰጠው ለቁጥሩ ብቻ አይደለም። ደም ስሩ ላይ የተጋገረው ቅባት እንዳይፈነዳና መንገዱን ባንዴ እንዳይዘጋ ያረጋጋዋል። ደም ስሩ የጠበበበት የስኳር ሕመምተኛ ቁጥሩ "ኖርማል" ቢሆን እንኳ ከዚያ በታች እንዲወርድ ይፈለጋል። ጡንቻ ካመማችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይ ዓይነቱ ይቀየራል። በዝምታ አቁሞ "እየዋጥኩ ነው" የሚል ሰው ግን ሐኪሙን ያሳስተዋል። አስፕሪን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሁሉም ሰው በራሱ ፈቃድ ገዝቶ ይውጣል። አስፕሪን ስኳር ላለበት ሁሉ አይደለም። ደም ስሩ መጥበቡ ለታወቀ ሰው ነው ጥቅሙ የሚበልጠው፤ ለሌላው የመድማት አደጋው ሊያመዝን ይችላል። የደም ግፊት ለብዙው ሰው ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ይፈለጋል።

አዳዲሶቹ የስኳር መድኃኒቶችም አሉ። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት፣ ስማቸው "ፍሎዚን" ብሎ የሚያልቀው፣ ለልብ ድካምና ለኩላሊት ትልቅ ጥቅም አምጥተዋል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ፣ ካናግሊፍሎዚን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ትልቅ ጥናት ላይ የእግር መቆረጥ ጨምሮበት ታየ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አስለጠፈበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ያን ማስጠንቀቂያ ከፍተኛ ደረጃው ላይ እንዳይሆን ዝቅ አደረገው። እንዲያም ሆኖ ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ላይ እነዚህን አዲስ አለመጀመርን የሚመክር የእግር ሕክምና መመሪያ አለ። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚጽፈው ሐኪም ቁስሉን ማወቅ አለበት። ካልሲ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ቁስል እንዳለበት በምን ይታወቃል?

ሲጋራ ላይ አልለሳለስም። እግሩ ቆስሎ የሚያጨስ ሰው እኔ በፋሻ የምሠራውን እሱ በጭስ ያፈርሰዋል። የትኛውም ቅባቴ ያንን አያሸንፍም።

መራመድ ግን ያስቸግረኛል፣ እውነቱን ለመናገር። የልብ ሐኪም "ተራመድ" ይላል። እኔ "አትርገጥ" እላለሁ። ሁለታችንም ልክ ነን፤ መሀል ላይ ሕመምተኛው ግራ ይጋባል። ውስጥ እግር ላይ ያለ ቁስል በየእርምጃው ይቀጠቀጣል። ጫና የሚያነሳ ጫማ ወይም ጀሶ የምናደርገውም ለዚሁ ነው። ሰውየው ግን ለወራት ሲቀመጥ ክብደቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ልቡ ይሰንፋል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን እንዲያንቀሳቅስ፣ ቀላል ክብደት እንዲያነሳ፣ ያልታመመውን እግሩን እንዲዘረጋና እንዲያጥፍ አሳየዋለሁ። ትንሽ ነው፤ ግን ከዜሮ ይሻላል። ቁስሉ ሲዘጋም "በቃ ተፈታሁ" ብሎ በአንድ ቀን ረጅም መንገድ እንዳይሄድ አስጠነቅቃለሁ። አዲሱ ቆዳ ስስ ነው። ከዳኑት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ።

እንግዲህ ወደ ቅጹ ልመለስ፤ ቂሜ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከእትዬ በኋላ ለአለቆቼ ማመልከቻ ጻፍኩ። ቅጹ ላይ ጥቂት ቦታ ይጨመር፤ የዛሬ ደም ግፊት፣ የሁለቱም እግር ምት፣ ያጨሳል ወይ፣ ስታቲን ይወስዳል ወይ፣ በዓመት አንዴ የሽንት ፕሮቲን፣ ኢሲጂ መቼ ተነሳ። መልሱ "ይህ የልብ ክፍል ሥራ ነው" የሚል ነበር። የልብ ክፍል ሄድኩ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ በደንብ ተቀበሉኝ። "እናንተ ደግሞ እግር ታያላችሁ?" አልኳቸው። እብጠት ለማየት ቅልጥሙን በጣታቸው ይጫኑታል፤ ከካልሲው በላይ። ከካልሲው በታች የእኔ ክፍል ሥራ ነው። አንድ ሰው ካልሲው ጫፍ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይኖራል ማለት ነው።

አሁን ቅጹ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ሐኪም ካርዱን ገልብጦ አይቶት "ይሄ ፕሮቶኮል ከየት መጣ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ከጀርባ" አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ግን ለሦስት ሰው ስታቲን ጻፈ።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ስለ ስኳር እግር በድጋሚ ስትጽፉ፣ ጫማህን ዳስስ ከሚለው ቀጥላችሁ "እግርህ ከቆሰለ ግፊትህን፣ ኮሌስትሮልህን፣ ሽንትህንና ኢሲጂህን ያየልህ አለ ወይ?" የሚል ጥያቄ ጨምሩ። ስለ ልብ ስትጽፉ ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙ ፊት ካልሲውን እንዲያወልቅ ንገሩልኝ። ሳይጠየቅ ያውልቅ። የእግር ቁስልና የአዲስ ድካም ወይም የትንፋሽ ማጠር ባንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያን ቀን መሄድ ነው።

ደብዳቤዬ ረዝሟል፤ እንደምትቀንሱት አውቃለሁ። ቦታ ካጠረ የ30 በመቶውን የሞት ቁጥር ቁረጡት፣ ስለ ሚስማሩም ቁረጡት። የኤደንብራውን ግን ተዉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የቁስል ክፍል ነርስ